ሃያ ሺ ከስድሳ ሲያንስ

ትልቅ ቁጥር ሲያይ የማይሸነፍ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔስ አላወጣም። ሰበታ ውስጥ የሞባይል ዕቃ የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ቻርጀር፣ የስልክ ልባስ፣ ጆሮ ማዳመጫ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፓወር ባንክ። ፓወር ባንክ የሚሸጠው በቁጥሩ ነው። ደንበኛ መጥቶ «የቱ ይሻላል?» ሲለኝ ካርቶኑን አገላብጬ ቁጥሩን በጣቴ አሳየዋለሁ። አሥር ሺ ከሚለው ሃያ ሺ የሚለው ይሻላል፤ አለቀ። ከቁጥሩ ጎን በደቃቁ የተጻፈ ነገር እንዳለ አይቻለሁ፣ ዕውር አይደለሁም። ግን ስለ እሱ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔም ሳልጠየቅ የማጠና ሰው አይደለሁም።

በዚህችው ዕውቀቴ የሰፈሩ የባትሪ ሊቅ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። የግድግዳ ሰዓት ሲቆም እኔ ጋ ነው። ሪሞት እምቢ ሲል እኔ ጋ ነው። አንድ ሰሞን እንዲያውም የጎረቤት በቅሎ መነሳት እምቢ ብትል «እስቲ እሱን ጥሩት» ያለ ሰው ነበር አሉ። ሄጄም ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ።

ከእኔ ጋር አጥር የምትጋራ እትዬ ጥሩወርቅ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ባለቤቷ ካረፈ ወዲህ ቤቷን የያዘችው ጫጩት ፈልፍላ ለአርቢዎች በማስረከብ ነው። አናጢ የሠራላት የእንቁላል መፈልፈያ ሳጥን አላት፤ ውስጡ በስፖንጅ ተለብጧል፣ የሚሞቀው በትንንሽ አምፖሎች ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በመኪና ባትሪ እንዲሠራ ተደርጓል፤ ባትሪው ግን ገና አልተገዛም። ባለፈው ክረምት የመጀመሪያው ዙር እንቁላል በብርድ ተበላሽቶባት ነበር። ሁለተኛውን ዙር ስታስገባ «ይሄም ከተበላሸ ቤቱን አከራይቼ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥሬ እገባለሁ» ብላ ቁርጡን ነገረችን። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ አለች ከተባለ አለች ነው። ያለሷ ያ ሰፈር ምን ሰፈር ነው? የታመመ የምትጠይቀው እሷ፣ የተጣላ የምታስታርቀው እሷ፣ ቁልፉን የረሳ ሰው ቁልፍ የሚያስቀምጠው እሷ ጋ ነው።

ታዲያ ጫጩቶቹ ሊወጡ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ጧ ብሎ ፈነዳ። ስልክ ሲደወል «ነገ ይሠራል» ተባለ። እትዬ ጥሩወርቅ ራሷን ይዛ ስትጮህ ሰው ሁሉ ግቢዋ ተሰበሰበ።

ከሁሉም ቀድመው የደረሱት ኦቦ ፈይሳ ናቸው። ኦቦ ፈይሳ ከሰበታ አለም ገና የምትመላለስ አሮጌ ሚኒባስ ያላቸው፣ ጥቂት የሚናገሩ፣ ብዙ የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው። የሚኒባሷ ሁሉ ነገር ቢያረጅም ባትሪዋ አዲስ ነው፤ ማታ ማታ በጨርቅ ሲወለውሉት አይቻለሁ።

«አካም ቡልተኒ» ብለው ገቡ። ነገሩን ሲሰሙ ጊዜ፣ «ማሎ! ለዚህ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ባትሪዬን ፈትቼ አመጣልሻለሁ። ዛሬ ሥራ ባልወጣስ?» አሏት።

ወዲያው ሄደው ያን ከባድ ባትሪ ደረታቸው ላይ ታቅፈው መጡና እግሬ ሥር አስቀመጡት። እኔ እንደ ሊቅነቴ ጎንበስ ብዬ መረመርኩ። ጎኑ ላይ ስድሳ ተጽፏል።

«ስድሳ?» አልኩ።

«ስድሳ» አሉ ኮራ ብለው።

«ስድሳ ብቻ?»

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን ቁርጥማት በያዘው! እኔ እቴ፣ ጭራሽ ባሰብኝ። «ኦቦ፣ ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው። እኔ ኪስ የሚገባ ሃያ ሺ አለኝ! ሃያ ሺ እያለ በስድሳ እንቁላል ይሞቃል እንዴ?» አልኩና ወደ ሰዉ ዞር ብዬ ሳቅሁ። ሰዉም የባትሪ ሊቁ ሲስቅ አብሮ ሳቀ።

ኦቦ ፈይሳ ባትሪያቸውን ከመሬት አንስተው፣ አቧራውን በእጃቸው ጠርገው፣ «ገላቶማ» ብለውኝ ወጡ። የተቀየመ ሽማግሌ ሲያመሰግን የሰማ ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያውቃል። እኔ ግን በሃያ ሺ ሰክሬ ስለነበር አልፈራሁም።

ሱቄ ሮጬ ሦስት ፓወር ባንክና ወደ አሥራ ሁለት ቮልት የሚያወጣ ገመድ ይዤ መጣሁ። ሰካሁት፤ አምፖሎቹ ቦግ አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ግንባሬን ሳመችኝ። ወንበር ወጣልኝ፣ ቂጣ በማር ቀረበልኝ፣ «ተባረክ» ተባልኩ። እኔም እግሬን አነባብሬ «ቁጥሩን ማየት ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም» እያልኩ ሳስረዳ አረፈድኩ።

ፓወር ባንኩ ላይ ምን ያህል እንደቀረው የሚያሳዩ አራት ነጠብጣብ መብራቶች አሉ። እያወራሁ ሳለሁ አንዷ ጠፋች። ዝም አልኳት። ሁለተኛዋ ስትጠፋ በእጄ ሸፈንኳት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁሉም ጠፍተው ሳጥኑ ጨለመ። ሁለተኛውን ስሰካ ከመጀመሪያው ቀድሞ ሞተ። ሦስተኛው፣ ካርቶኑ ላይ ሠላሳ ሺ የሚለው፣ የሱቄ ኩራት፣ አንዴ ብልጭ ብሎ እንደ አሮጌ ኩራዝ ጭልጭል አለና እስከ ወዲያኛው ተሰናበተ። የሳጥኑ ሙቀት መለኪያ መውረድ ጀመረ። እትዬ ጥሩወርቅ አልጮኸችም፤ ሳጥኑን በሁለት እጇ አቀፈችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ይሄን ጊዜ ነው ቲቸር አሰገደች ጃንጥላቸውን እያንቋቁ የገቡት። ቲቸር አሰገደችን የማያውቅ ሰበታ የለም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማውን ግማሽ ፊዚክስ ያስተማሩ፣ የቀረውን ግማሽ ደግሞ መንገድ ላይ እያስቆሙ የሚያርሙ ሴት ናቸው። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም፣ ደግሞም አያስፈልጋቸውም። ሱቅ ገብተው የሳሙና ማሸጊያ ሳያነቡ አይገዙም፤ ሚዛኑ ሲሳሳት ሻጩን ሳይሆን ሚዛኑን ይቆጡታል። እኔንም አስተምረውኛል።

ፓወር ባንኩን ከእጄ ነጠቁና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው አወረዱ።

«ስንት ይላል?»

«ሃያ ሺ።»

«ሃያ ሺ ምን?»

«ሃያ ሺ... ሃያ ሺ ነዋ ቲቸር!»

«ሃያ ሺ በግ ነው? ሃያ ሺ ሽንኩርት ነው? ሃያ ሺ ብሎ ነገር አለ? ከጎኑ ያለውን አንብብ!»

ያቺን ደቃቅ ጽሑፍ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኳት። «ሚሊ... አምፒር... አወር።»

«የኦቦ ፈይሳስ?»

«እሱ... ሚሊ የሚል ነገር የለውም። አምፒር አወር ብቻ ነው።»

ቲቸር አሰገደች ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንተን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አዎ ቲቸር።»

«ለማንም እንዳትናገር።»

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ እንደ ጄኔራል ሆኑ። «እንቁላሎቹን እስከዚያ የሰው ገላ ያሙቃቸው!» ብለው አዘዙ። እትዬ ጥሩወርቅ እየጠረገች ታድላለች፣ ሰፈርተኛው ይቀበላል። ሴቶቹ ጡታቸው መሀል ሸሸጉት፣ ወንዶቹ ሆዳቸው ላይ በጋቢ ጠቀለሉት፤ ከሰው ጋር ሰላም የማይባባለው የማዶው ነጋዴ ሳይቀር በባርኔጣው ውስጥ ሁለት አስቀምጦ ባርኔጣውን ብብቱ ሥር አደረገ። ያን ሁሉ ሰው እንቁላል ታቅፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀስ እያለ ሲራመድ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ነው የምኖረው።

ለኔ ሁለት እንቁላል ደረሰኝ፤ አንድ አንድ በየብብቴ።

ባትሪው ግን ያለው ያስቀየምኳቸው ሰው ቤት ነው። በኛ አገር ሽማግሌ ያስቀየመ ሰው ዝም ብሎ «ይቅርታ» ብሎ አይገባም፤ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ደጅ ይቆማል፣ «አውርደው» እስኪባል ድረስ አያወርድም። እኔም ከመንገድ ዳር ደህና የምትመስል ድንጋይ አነሳሁ። ቲቸር አሰገደች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ሚሊ ድንጋይ ነው። ዋናውን አምጣ» አሉኝ።

ዋናው መጣ። ግን ድንጋይ ትከሻ ላይ የሚይዝ ሰው ክንዱን ማንሳት አለበት፤ ክንዴን ካነሳሁ ደግሞ እንቁላሉ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አስጭኜ፣ በጣቶቼ ጫፍ ብቻ ጠርዙን እየነካሁ እንደ ታሰረ ፍየል ተንቀራፍፌ ሄድኩ። መንገድ ላይ ያዩኝ ሰዎች «አቤት ጸጸት! እንዲህ ነው እንጂ!» እያሉ ከንፈር መጠጡ።

ኦቦ ፈይሳ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ባትሪውን ይወለውላሉ። ከእኔና ከቲቸር ኋላ እንቁላል የታቀፈ ሰፈር ተሰልፏል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ኦቦ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ» አልኩ ከድንጋዩ ሥር።

«ስድሳ ብቻ ያልከው በሰው ፊት ነው» አሉ። «በሰው ፊት ይስተካከል።»

«ተገቢ ነው!» አሉ ቲቸር አሰገደች። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ሰማሁ። ያን ያህል ተማሪ ፊታቸው ከቆመ ስንት ዓመቱ! ጃንጥላቸውን አጥፈው መሬት ላይ ተከሉና ጀመሩ። «ኦቦ ፈይሳ፣ ይሄ ልጅ በሻይ ማንኪያ የሰፈረውን አንቱ በጣሳ ከሰፈሩት ጋር አወዳድሮ ነው የደፈረዎ። ሚሊ ማለት አንድ ሺኛ ማለት ነው። ሺ ማንኪያ አንድ ጣሳ ነው በሉ። የሱ ሃያ ሺ ማንኪያ ወደ ጣሳ ሲመለስ ሃያ ጣሳ ነው። የአንቱ ስድሳ ግን ከመጀመሪያውም ስድሳ ጣሳ ነው።»

«ሃያ?» አሉ ኦቦ ፈይሳ። «ሺው የት ገባ?»

«ሺውማ ማንኪያው ትንሽ ስለሆነ የመጣ ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ኦቦ ፈይሳም «አውርደው» ሊሉኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ቲቸር አሰገደች ግን ጣታቸውን አነሱ። «ቆይ! ሁለቱንም ወደ ኩሎምብ እንቀይራቸው።»

«ቲቸር፣ እንቁላሉ...» አልኩ።

«ቶሎ ነው። ኩሎምብ ላይ ያልደረሰ ሒሳብ አልጠራም። አንድ አምፒር ለአንድ ሰከንድ ሲፈስ የሚያልፈው መጠን አንድ ኩሎምብ ይባላል። ማንኪያም አይሞላም፤ ቁንጥር ነው በሉት። አንድ ጣሳችን ደግሞ አንድ አምፒር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ ነው። አንድ ሰዓት ስንት ሰከንድ ነው?»

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። «ስድሳ ጊዜ ስድሳ» አሉ ኦቦ ፈይሳ ራሳቸው። «ሦስት ሺ ስድስት መቶ።» ተሳፋሪ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ሰከንድ ያውቃሉ።

«ጎበዝ! ስለዚህ አንድ አምፒር አወር ሦስት ሺ ስድስት መቶ ኩሎምብ ነው። የዚህ ልጅ ሃያ፣ በሦስት ሺ ስድስት መቶ ሲባዛ፣ ሰባ ሁለት ሺ ኩሎምብ።»

«ሰባ ሁለት ሺ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድንጋዩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «አደገ እኮ!» እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እዚያው አንገቴ ተሰብሮ ነገ ካርቶኖቼ ሁሉ ላይ ሰባ ሁለት ሺ ብዬ ስለጥፍ ታይቶኝ ነበር።

«ምንም አላደገም! መስፈሪያው አነሰ እንጂ እህሉ ያው ነው!» አሉ ቲቸር አሰገደች። «የኦቦ ፈይሳ ስድሳ ደግሞ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሺ ኩሎምብ ነው።»

ኦቦ ፈይሳ ከበርጩማቸው ተነሡ። «ይድገሙልኝ።»

«ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሺ!»

«ጮክ ብለው፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ተደገመ። ሴቶቹ እንቁላላቸውን በአንድ እጅ ደግፈው እልል አሉ። ኦቦ ፈይሳ ፈገግ ብለው «አውርደው ልጄ» አሉኝና ድንጋዩን ራሳቸው አነሱልኝ። ከዚያ በወጉ መሠረት ሊያቅፉኝ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

እኔ እጄን አልዘረጋሁም። እንዴት ልዘርጋ? ክርኔን ይበልጥ ወደ ጎኔ አጣበቅሁ። የኦቦ ፈይሳ ፈገግታ ጠፋ። ሰዉ አጉረመረመ። «እርቅ እምቢ አለ እንዴ?» የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁ።

«እምቢ አላልኩም!» ብዬ ጮህኩ። «ብብቴ ሥር እንቁላል አለ ኦቦ! ይኸው፣ ይዳብሱት!»

ኦቦ ፈይሳ በጥርጣሬ እያዩኝ እጃቸውን በኮቴ ውስጥ ሰደዱ። ሞቃቷን እንቁላል በመዳፋቸው ሲይዟት ድንገት ደርቀው ቀሩ። ከውስጥ ጠቅ ጠቅ እያለች ነበር።

«ሕይወት አላት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወዲያ እቅፉም እርቁም ቀረ፤ ባትሪውን አንስተው በዚያ ዕድሜያቸው ቁልቁል ሮጡ። እኛም እንቁላላችንን እንደታቀፍን ተከተልናቸው።

ባትሪው ተገናኘ፣ አምፖሎቹ በሩ፣ እንቁላሎቹ ከየጉያው እየወጡ ወደ ሳጥኑ ተመለሱ። አንድም አልተሰበረም። ቲቸር አሰገደች ሳጥኑ ምን ያህል እንደሚስብ ከአምፖሎቹ ላይ አነበቡና አሰሉ። «አንድ አምፒር ተኩል ነው የሚጠጣው። ለመኪናዋ ማስነሻ ሩቡን ብንተውላት እንኳን እስከ ነገ ይህን ጊዜ ድረስ አያሳስብም» አሉ። የኔ ፓወር ባንክ ቢያንስ ሃያ ጣሳ ከያዘ ለምን ያን ያህል ፈጥኖ እንዳለቀ ብጠይቃቸው፣ ሃያው የተሰፈረው በዝቅተኛ ቮልት እንደሆነና ወደ አሥራ ሁለት ሲወጣ ከሲሶው ያነሰ እንደሚተርፍ፣ ሁለቱ ደግሞ ካርቶናቸው ላይ የተጻፈው ሐሰት እንደሆነ ነገሩኝ። በዚያ ቀን ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሲበታተን ከሳጥኑ አጠገብ ከቲቸር ጋር ተቀመጥኩ። «ሠላሳ ዓመት ኩሎምብ አስተማርኩ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሙቀት መለኪያው ሳያነሱ። «በየዓመቱ አንድ ተማሪ ይነሳና 'የት ይጠቅመናል?' ይለኛል። እኔም 'ለፈተና' እለዋለሁ። ሌላ መልስ አልነበረኝም።» ጉልበታቸውን መሳም አማረኝ፣ አፈርኩ፣ ኮቴን አውልቄ ትከሻቸው ላይ አደረግሁላቸው። እንደዚያን ቀን ሰው አክብሬ አላውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ትራንስፎርመሩ ተሠርቶ መብራት መጣ። እኔ እንደ ልማዴ ቀደም ብዬ የባትሪውን ገመድ ልነቅል ጎንበስ ስል ኦቦ ፈይሳ እጄን መቱኝ።

«መብራት መጣ ብለህ የኔን ልትነቅል ነው?»

«ባትሪው እንዳይደክም ብዬ ነው ኦቦ...»

«ቲቸር፣ አለቀ ወይ?»

«ገና አለው» አሉ ቲቸር አሰገደች።

«እንግዲያው ማንም እንዳይነካው!» አሉና በርጩማቸውን ስበው ከባትሪያቸው ጎን ቁጭ አሉ። መብራት እያለ በባትሪ ተፈለፈለ ቢባል ማን ያምናል? ግን እንደዚያ ነው የሆነው። መጀመሪያ አንዷ ቅርፊት ተሰነጠቀች፤ ከዚያ ከዚህም ከዚያም ጭው ጭው የሚል ድምፅ ሳጥኑን ሞላው። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እያለቀሰች ትስቃለች። «የትም አልሄድም» አለች፤ ለማን እንደተናገረች አላውቅም።

ከዚያ የመጀመሪያዋን፣ ገና ያልደረቀችውን ጫጩት አንስታ በቲቸር አሰገደች መዳፍ ላይ አስቀመጠቻት። ከትናንት ጀምሮ ሲያርሙንና ሲያሰሉልን የነበሩት ሴትዮ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ጫጩቷ መዳፋቸው ላይ ተንቀጥቅጣ ቆመች።

እኔ አፌ አያርፍ፣ «ቲቸር፣ ይቺስ ስንት ኩሎምብ ትሆናለች?» አልኩ።

ዓይናቸውን ከጫጩቷ ሳያነሱ፣ «ዝም በል» አሉኝ። «ይቺ ወደ ሌላ ነገር አትቀየርም።»